የከፈተ ይሄዳል

ለክቡር የኢሜይል ሰርቨር ፈቃድ ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ በሌለ ሰው ስም የወጣ ፈቃድ ስለመመለስና አንድ መዝገብ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ ውላችሁ በየዓመቱ ሳይጠየቅ የሚታደስ፣ ቤተሰብዎም የተጠቃሚ ቁጥር ገደብ ሳያግደው የሚበዛ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔ ሊፍት የሚጠግን የአንድ ትንሽ ድርጅት የቢሮ ኃላፊ ነኝ። ሰባት ነን፤ የድርጅቱ ባለቤት እትዬ፣ አንዲት ሒሳብ ሠራተኛ፣ እኔ፣ እና ቀኑን ሙሉ ከሕንፃ ሕንፃ የሚዞሩ አራት መካኒኮች። ይህን ደብዳቤ ለእርስዎ ብቻ ብጽፈው ደንብ ነበር፤ ነገር ግን ያጠፋሁት በሰው ፊት ስለሆነ ቅጂውን በቢሯችን ሰሌዳ ላይና ዝቅ ብዬ በምገልጸው ሕንፃ ሊፍት ውስጥ ከመስታወቱ ጎን ለጥፌዋለሁ። ሊፍት ውስጥ የቆመ ሰው ሌላ የሚያነበው ስለሌለው ሳይወድም ቢሆን ያነበዋል።

ምስጋናዬን በቁጥር ከፋፍዬ አቀርባለሁ፤ ክፍልዎ ሳይቆጠር የሚሰጥ ነገር እንደማይወድ አውቃለሁና።

1ኛ. ሰርቨር መግዛትና በሰርቨር መጠቀም ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ስላስተማራችሁን አመሰግናለሁ። ከሁለት ዓመት በፊት ያንን ጥቁር ሳጥን ገዝተን ዕቃ ግምጃ ቤታችን ውስጥ ከመለዋወጫ ገመዶቹ ጎን ስናስቀምጥ፣ በቃ የራሳችን ፖስታ ቤት ኖረን ብለን ተደስተን ነበር። ደስታችን መረን እንዳይለቅ ክፍልዎ ፈጥኖ ደረሰልን። ሳጥኑ የእኛ ነው፤ ሳጥኑ ውስጥ ያለውን ደብዳቤ የሚያነብ ሰው ግን ለእያንዳንዱ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ደጅ ሆኖ በስልኩ ድረ ገጽ ከፍቶ ለሚያነብ ደግሞ በዚያ ላይ «የውጭ» የሚባል ሌላ ፈቃድ ይጨመርበታል። የእኛ መካኒኮች ሥራቸው ደጅ ነው። ቢሮ ውስጥ ተቀምጠው እንዳይሠሩ ቢሯችን ምድር ቤት ነው፣ ሊፍት የለውም።

2ኛ. ፈቃዱ በሰው ይቆጠር ወይስ በመሣሪያ ብለን ስንጠይቅ ባለ አርባ አንድ ገጽ ማብራሪያ ስለላካችሁልን አመሰግናለሁ። ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ። በመጀመሪያው ንባብ ምንም አልገባኝም፤ በሁለተኛው ግን አንድ ሰው ሁለት ስልክ ቢይዝ አንድ መሆኑን፣ ሁለት ሰዎች አንድ ስልክ ቢይዙ ደግሞ ለየትኛውም ፈቃድ የማይመቹ ጉደኞች መሆናቸውን ተረዳሁ። ፈቃድ ከአንድ ሠራተኛ ወደ ሌላው ለማዛወር ዘጠና ቀን እንደሚፈጅም አየሁ። እንግዲህ የእኛ መካኒክ ጉንፋን ከያዘው ዘጠና ቀን ሊተኛ ነው ማለት ነው።

3ኛ. በማመልከቻው ላይ «የተጠቃሚው ሙሉ ስም» በሚለው ቦታ ሰው የጻፈውን ሁሉ ስለሚቀበለው ደግ ልባችሁ አመሰግናለሁ። እዚህ ላይ ነገሩ ከእናንተ ወደ እኔ ይዞራል፤ ቢታገሡኝ።

የአራቱ መካኒኮች የውጭ ፈቃድ ዋጋ ከራሱ ከሰርቨሩ ዋጋ በልጦ ሲመጣ ለእትዬ አሳየኋቸው። ወረቀቱን አይተው «ምን ይደረግ፣ ሥራው የሚሠራው ደጅ ነው፣ ለአራቱም ግዛላቸው» አሉኝ። ቃል በቃል እንዲህ ነው ያሉኝ። ማንም አልከለከለኝም፤ ክፍልዎም ቢሆን አስወደደ እንጂ አልከለከለም። እኔ ግን ብልጥ መባል አማረኝ። አንድ ፈቃድ ብቻ ገዛሁና በማመልከቻው ላይ ስም፣ የውጭ፤ የአባት ስም፣ ሠራተኛ ብዬ ሞላሁ። የልደት ቀን ሲጠይቀኝ ሌላ ስላልመጣልኝ የራሴን ጻፍኩ። የይለፍ ቃሉን ለአራቱም ሰጠኋቸው፣ እኔም ያዝኩት። እትዬ «አንተ ባትኖር ምን ይውጠን ነበር» ብለው አመሰገኑኝ፤ ያንን ምስጋና አንድ ወር ሙሉ እያሰብኩ ደስ ሲለኝ ሰነበትኩ።

አቶ የውጭ ሠራተኛ በእናንተ ዘንድ ጥሩ ስም አለው። በልደቱ ቀን የመልካም ምኞት ካርድ ልካችሁለታል። በአገልግሎታችን ረክተዋል ወይ ብላችሁ ጠይቃችሁታል፤ መካኒኮቹ ተሰብስበው እየሳቁ በጣም ብለው መለሱለት። በዓመቱ መጨረሻም እጅግ ትጉህ ተጠቃሚ የሚል የምስክር ወረቀት ደረሰው። አምስት ሰው ሆኖ የሚሠራ ሰው ትጉህ ባይባል ነበር የሚገርመው።

ችግሩ አምስታችን በአንድ የመልእክት ሳጥን ስንገባ አንዱ የከፈተው መልእክት ለሁላችንም የተነበበ መምሰሉ ነበር። ያልተከፈተው በደማቁ ይጻፋል፤ አንዱ ከከፈተው በኋላ ለሌላው ቀጭን ሆኖ ይታየዋል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሁለት መካኒኮች አንድ ሕንፃ በር ላይ ተገናኝተው ተሳስቀዋል፤ አንድ ጊዜ ደግሞ ማንም ሳይሄድ ቀርቷል። ስለዚህ እኔው ራሴ በቀይ ማርከር በትልቁ ጽፌ ከቁልፍ መስቀያው በላይ አንድ ሕግ ለጠፍኩ። «የከፈተ ይሄዳል» ይላል። መልእክቱን የከፈተ ሰው ወይ ራሱ ይሄዳል፣ ወይ ሕንፃው ለተመደበለት መካኒክ ደውሎ ይነግራል፤ ቀጭን የሆነውን ግን ሌላው አይነካውም። ሕጉ ለአሥራ አራት ወር ያለ እንከን ሠራ።

4ኛ. አራተኛውን ለመጻፍ ሁለት ጊዜ ተነሥቼ ውሃ ጠጥቻለሁ።

ከሦስት ሳምንት በፊት፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ የአንድ ባለ ዘጠኝ ፎቅ መኖሪያ ሕንፃ ጥበቃ ሊፍቱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ እየተንገራገጨ ነውና ሰው ሳይዝ ቶሎ ድረሱልን ብሎ ጻፈ። መልእክቱ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከሃያ ላይ ተከፈተ። ማንም አልሄደም። አምስት ሰዓት ላይ ከሰባተኛ ፎቅ የሚወርዱ አንዲት ጡረታ የወጡ አዋላጅ ነርስ ሦስተኛና አራተኛ ፎቅ መካከል ቀሩ። ሆስፒታል የተኙ ባለቤታቸውን ሊጠይቁ፣ የታጠበ ፒጃማና የጺም መላጫ በፌስታል ይዘው ነበር። ለሁለት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ፌስታሉን አንጥፈው ተቀመጡበት። ሲወጡ የመጠየቂያው ሰዓት አልፏል፤ ባለቤታቸው ያን ቀን ጠያቂ ሳያዩ ዋሉ።

ያ ሕንፃ የጋሽ ቡሎን ድርሻ ነው። ጋሽ ቡሎን ከመካኒኮቻችን ሁሉ አንጋፋው ናቸው፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርተዋል። ይህን ስም ያገኙት ሥራ ከጨረሱ በኋላ ቡሎኖቹን አንድ በአንድ በእጃቸው ሳይዳስሱና ሳይቆጥሩ ከሕንፃ ስለማይወጡ ነው። በማግስቱ ጠዋት እትዬ ሁላችንንም ሰበሰቡን፤ ማን እንደከፈተው አጣርቼ እንዳቀርብም አዘዙኝ። ሦስቱ መካኒኮች እኔ አይደለሁም አሉ። እኔን ማንም አልጠየቀኝም፤ ጠያቂው እኔ ነበርኩ።

ጋሽ ቡሎን መነጽራቸውን አውልቀው «ሕንፃው የኔ ነው። ከፍቼው ረስቼው ይሆናል። ባለፈው እሑድም መነጽሬን ግንባሬ ላይ አድርጌ ቤት ሙሉ ስፈልገው ነበር» አሉ። ከዚያ የሊፍት በር መክፈቻ ቁልፋቸውን ከቀበቷቸው ፈትተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። «ጭንቅላቴ ከከዳኝ በሰው ነፍስ መጫወት የለብኝም» ብለው ወጡ። ቁልፉን አንሥቼ መስቀያው ላይ የሰቀልኩት እኔ ነኝ፤ ከራሴ ጽሑፍ በታች።

ክቡር ሆይ፣ መልእክቱን የከፈትኩት እኔ ነኝ። ማክሰኞ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከሃያ ላይ እቤቴ በር ላይ ቆሜ፣ የልጄን ጫማ ክር አስሬ ቀና ስል፣ ሥራዬ ባልሆነ ሰዓት ሥራ ወዳድ ለመምሰል ስልኬን ከፈትኩ። እስከ መጨረሻው አነበብኩት። ይሄማ የጋሽ ቡሎን ነው፣ ያዩታል ብዬ ስልኩን ኪሴ ከተትኩ። እሳቸውም አይተውታል፤ ቀጭን ሆኖ፣ የተከፈተ ሆኖ። እኔ በጻፍኩት ሕግ መሠረት ሳይነኩት አለፉት። ይህን ሁሉ በስብሰባው ላይ አውቅ ነበር። እኔ ነኝ ለማለት ሁለት ቃል ይበቃኝ ነበር፤ ሁለቱን ቃል አጣሁ። አፈርኩ፤ ማፈሬ ደግሞ አፌን ይበልጥ ዘጋው።

ይልቁንም ማጣራቱን የምር ለማስመሰል ለክፍልዎ ጻፍኩ፤ ከየትኛው ስልክ እንደተከፈተ ንገሩን አልኩ። መልሳችሁ በአክብሮት የተሞላ ነበር። መዝገቡ በራሳችን ሰርቨር ውስጥ ተቀምጦ እንደሚገኝ፣ እሱን ለማየት ግን ወደ ከፍተኛው የፈቃድ ደረጃ ማደግ እንደሚያስፈልገን፣ የዚያ ደረጃ ትንሹ ግዢም ለሃምሳ ሰው መሆኑን ገለጻችሁልን። ሰባት ነን ብያለሁ። በሕይወቴ በአንድ ነገር መወደድ የተደሰትኩት ያን ቀን ብቻ ነው። አንብቤ ስጨርስ ወንበሬ ላይ ዘና ብዬ ተቀመጥኩ፤ ከሠራሁት ሁሉ አሁን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው።

ሰኞ የጋሽ ቡሎን ልጅ ደወለችልኝ። አባቷ ምድጃውን አጥፍቼው ይሆን እያሉ ከመንገድ ሁለት ሦስቴ እንደሚመለሱ፣ በር ከቆለፉ በኋላ እጀታውን ይዘው እንደሚቆሙ ነገረችኝ። ለሐሙስ የማስታወስ ችሎታ ምርመራ ቀጠሮ ይዛላቸዋለች። «ሐኪሙ አባዬ ሥራ ቦታ የረሳቸውን ነገሮች ዝርዝር ጠይቋል፤ ካንተ የተሻለ የሚያውቅ የለም፣ ጻፍልኝ» አለችኝ። እሺ አልኳት። ወረቀት አውጥቼ አንደኛ ብዬ ጀመርኩ። በሠላሳ አንድ ዓመት የረሱት ነገር ፈልጌ አጣሁ፤ የማውቀው አንድ የተረሳ ነገር የራሴ ነበር።

ትናንት ከሥራ ስወጣ ቤታቸው ሄድኩ። ቆሜ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ሰዓቱን፣ በሩን፣ የልጄን ጫማ ሳይቀር። ጋሽ ቡሎን አላመኑኝም። እጄን ይዘው አስቀመጡኝና «አንተ ልጅ፣ እኔን ለማጽናናት ብለህ በራስህ ላይ አትዋሽ። እንዲህ ያለ ነገር ይዘህ ሦስት ሳምንት ዝም የምትል ሰው አይደለህም፣ እኔ አውቅሃለሁ» አሉኝ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ልጃቸው እስከ በር ሸኘችኝ፤ እሷ ያመነችኝ ይመስለኛል፣ ምክንያቱም ፊቴን አላየችም። «ማስረጃ የሚሆን ወረቀት ካለህ አምጣ። አባዬ ሰው ይራራል ብሎ ያስባል፣ ማሽን ግን አይራራም ይላል» አለችኝ።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ለእርስዎ ያለኝ ልመና የሚከተለው ነው። የአቶ የውጭ ሠራተኛን ፈቃድ ዛሬውኑ ይሰርዙልኝ፤ በአንድ ስም አምስት ሰው ማስገባት ውል ማፍረስ መሆኑን በአርባ አንዱ ገጽ ውስጥ አንብቤዋለሁ፣ ቅጣቱም በእኔ ላይ ይሁን። ለአራቱ መካኒኮች በየራሳቸው ስም፣ ከነአባታቸው፣ ፈቃድ ይስጡ፤ እትዬ ከመጀመሪያውም ፈቅደው ነበር፣ ዛሬ ጠዋት ሁሉንም ሰምተውም ደግመው ፈቀዱ። እኔ የውጭ ፈቃድ አያስፈልገኝም። ከሁሉ በላይ ግን ዕቃ ግምጃ ቤታችን ውስጥ፣ ከገመዶቹ ጎን፣ በራሳችን ሳጥን ውስጥ የተቆለፈችውን ያችን አንዲት መስመር ይክፈቱልኝ። ማክሰኞ፣ ሁለት ሰዓት ከሃያ፣ የእኔ ስልክ የሚለውን ብቻ ነው የምፈልገው። ሃምሳ ሰው መሆን ካለብን አርባ ሦስት ስም ፈጥሬ እሞላለሁ፤ ልምዱ እንዳለኝ ያውቃሉ።

ደብዳቤው በወረቀት፣ በእጄ፣ ከበርዎ ይደርሳል። ቀጠሮው ነገ ሐሙስ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነው።

ትዕግሥትዎን እንደ ፈቃድዎ በነፍስ ወከፍ ሳያስከፍሉኝ እስከዚህ ስላነበቡልኝ እያመሰገንኩ፣ ከከፍተኛ አክብሮትና ከእሱ ከበለጠ ኀፍረት ጋር፣

የቢሮ ኃላፊ
(የቀድሞው የውጭ ሠራተኛ)

ግልባጭ፦
ለእትዬ
ለሰባተኛ ፎቅ ነዋሪዋ አዋላጅ ነርስ (በደረጃ ወጥቼ በእጃቸው የምሰጥ)
ለጋሽ ቡሎን (ከማስረጃው ጋር)

ማስታወሻ፦ በኢሜይል ሊመልሱልኝ ካሰቡ ለአቶ የውጭ ሠራተኛ እንዳይልኩት አደራ እላለሁ፤ ከፍቶ እስከ መጨረሻው ያነበዋል፣ ከዚያም ሌላ ሰው ያየዋል ብሎ ስልኩን ኪሱ ይከታል። እርስዎ ግን ይህን ፖስታ ከፍተውታል፣ አንብበውታልም። ግድግዳችን ላይ ያለውን ጽሑፍ ያስታውሱታል ብዬ አምናለሁ፤ የማስታወስ ችሎታዎ እንደ ጋሽ ቡሎን የደህና ሰው እንደሚሆን ተስፋ አደርጋለሁ።