ድኖ ይምጣ ለተባለው ወንድሜ

ለተከበሩ የሱስ ሕክምና ማዕከል ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል እላለሁ፤ ከእኛ ቤት የጎደለውን ጤና ፈጣሪ ለእርስዎ ይጨምርልዎት፣ በሽተኛ ሳያስቸግረው የሚውል ሐኪም እንደ እርስዎ የትም አላየሁምና።

እኔ ከገበያው ጀርባ ያለሁት ልብስ ሰፊ ነኝ። ታናሽ ወንድሜ የብየዳ ሠራተኛ ሲሆን፣ ለዓመታት ከመጠጣቱ የተነሳ ጠዋት አንድ መለኪያ ሳይቀምስ እጁ ብረት መያዝ አይችልም። ባለፈው ወር ማንም ሳይጎትተው፣ ራሱ ውሰጂኝ ብሎኝ እርስዎ ዘንድ አመጣሁት። ቅሬታዬም ከዚያ ይጀምራል።

1. ዘበኛዎ አፉን አሽትቶ ከበር መለሰን። መታከም የሚፈልግ ሰው በቅድሚያ ሳምንት ሙሉ መጠጥ ሳይቀምስ መቆየት እንዳለበት በመስኮት ብቅ ብለው ራስዎ ስላስረዱን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ሳምንት መተው ቢችል ኖሮ እርስዎ ደጅ ምን አመጣው?

2. በዚያው መስኮት አሻግሬ፣ ግድግዳዎ ላይ ሱስ በሽታ እንጂ ብልግና እንዳልሆነ፣ አንጎልን እንደሚለውጥ፣ ቆራጥነት ብቻውን እንደማይበቃ የሚናገር ትልቅ ጽሑፍ አነበብኩ። እውነት ነው። ግን ለማን ነው የተሰቀለው? ውስጥ የሚገባው ጤነኛው ብቻ ነው።

3. ወንድሜ ቃልዎን አክብሮ በአንድ ጊዜ አቆመ። ገና ሳምንቱ ሳይጋመስ ላብ አጠመቀው፤ ለሞተችው እናታችን በር ክፈቺላት እያለ ሲለምነኝ ውሎ ከስፌት መኪናዬ ሥር ወድቆ ተንፈራገጠ፣ ምላሱንም ነከሰ። ድንገተኛ ክፍል ያገኘናት ሐኪም፣ ለዓመታት ብዙ የጠጣ ሰው ያለ ሕክምና ክትትል በድንገት ቢያቆም ሊሞት እንደሚችል ነገረችኝ። እርስዎ ይህን አያውቁም ማለት ድፍረት ይሆንብኛልና፣ ያውቁ ነበር ብዬ ልለፈው።

4. ሐኪሟ አረጋግታ ወደ እርስዎ ላከችው፤ እርስዎም ወረፋ ጠብቁ አሉን። ስንጠብቅ መልሶ ጠጣ፣ ዘበኛውም መልሶ አሸተተ።

ሰፈሩ ሰካራም ይለዋል፤ እኔ ወንድሜ እለዋለሁ፣ አላፍርበትምም። እንደገና በራሱ እንዲያቆም አድርጌ ልቀብረው አልፈልግም። ስለዚህ ሰኞ ጠዋት እየሸተተም ቢሆን ይዤው እመጣለሁ። የስፌት መኪናዬንም በጋሪ አስጭኜ በርዎ ላይ አስቀምጣለሁ፤ ደንበኞቼ እዚያው ይመጣሉ፣ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ ላለኝ ሁሉ ከሥር ከመሠረቱ አስረዳለሁ። አልጋ እስኪያገኝ ንቅንቅ አልልም፤ ዘበኛዎም ከፈለገ እኔንም ያሽተኝ።

ማዕከልዎ በበሽተኛ እንዳይጨናነቅ ስለሚያደርጉት ያላሰለሰ ጥረት ከወገቧ ዝቅ ብላ እጅ የምትነሳ፣

የሰካራሙ እህት፣ ልብስ ሰፊዋ

ማስታወሻ፦ እንድጠግነው የላኩልኝን፣ ክንዱ ላይ የተተረተረውን ነጭ ጋውንዎን ከዚህ ደብዳቤ ጋር መልሻለሁ። ሱቄ የተቀደደ ልብስ አይቀበልም፤ መጀመሪያ ይስፉትና ያምጡልኝ።