ዝምድና የሚለው መስመር

ኪትዌ፣ ማርች 4

ይድረስ ለድሮ ወዳጄ፣

እንደምን ከርመሃል? ጤናህ እንዴት ነው? ሶልዌዚ ላይ ዘንድሮ ዝናቡ በርትቷል ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ያን ደረትህን ብርድ እንዳይመታብህ። እኛ ደህና ነን። ደረጃ ስወጣ ጉልበቴን ያመኛል፤ ከዚያ ሌላ ቅሬታ የለኝም። የስፌት መኪናዬም እንደኔው ነው፤ ይንጫጫል እንጂ አልቆመም። ከጓሮ የዘራሁት በቆሎ አሽቷል።

ደብዳቤ በማየትህ እንዳትደነግጥ። የሞተ ሰው የለም። ስልክህ አልሠራ ስላለኝ ነው። ሁለት ቁጥር ሞክሬ አንዱን ያነሳችው ሴት “ተሳስተሻል እናቴ” ብላ ዘጋችብኝ፤ ሌላው ጨርሶ አይጠራም። ስለዚህ ይህንን የሶልዌዚ አውቶቡስ ሾፌር እንዲያደርስልኝ ለምኜዋለሁ።

ታናሽ እህቴ ባለፈው ዓመት ማረፏን ሰምተህ ይሆናል። ልጇ ቻንዳ ከእኔ ጋር ናት። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ከቀብሩ ቀን ጀምሮ “እሺ” እና “አይ” ከማለት በቀር ቃል ከአፏ አልወጣም። ሳናግራት ከኋላዬ ያለውን ግድግዳ ታያለች። ቆይታ ትምህርቷንም አቆመች። ቀጥሎ ጎረቤት መጥታ የነገረችኝ ከሁሉ የባሰው ነው፤ ወደ ድንበሩ፣ ወደ ናኮንዴ የሚመላለስ የከባድ መኪና ሾፌር ገበያው መንገድ ላይ ለስላሳ ይጋብዛታል። ድንበሩ ላይ ሱቅ እከፍትልሻለሁ ብሏታል። ጎልማሳ ነው። ልጆች አሉት።

ዘመድ ተሰበሰበ። ትልቋ አክስቴ፣ ልጅቷ ቤት ትግባ፣ ሙሽራ የሚያስተምሩ ሴቶች ይጠሩላት፣ ሾፌሩ ሳይቀድመን ለደህና ሰው እንዳራት አለች። “ለቻንዳ የጎደላት ባል ነው እንዴ?” አልኳት።

“አንቺስ ባል ሳታገኚ መቅረትሽ ምን ጠቀመሽ?” አለችኝ።

ቤቱ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ የገዛ እግሩን ማየት ጀመረ። ስብሰባው በዚሁ አበቃ።

የማዕድን ማውጫውን አዳራሽ መቼም አልረሳኸውም። የከሰዓቱ ሳይረን ሲጮህ፣ አንዱ ፈረቃ ወጥቶ ሌላው ሲገባ፣ እኛ ደብተራችንን ጥለን ወደዚያ ስንሮጥ። የአዳራሹ ኃላፊ ባ ካሶንዴ ፊሽካውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ በሩ ላይ ይቆም ነበር። የእሱ ደንብ አንድ ብቻ ነበር፤ ማንም የራሱን ልጅ አያስተምርም። “የራስህን ልጅ ወይ ትመታዋለህ ወይ ታዝንለታለህ፤ በሁለቱም ሙያ አይገባውም” ይል ነበር። አንተን ለዚያ የጉድጓዱን ሊፍት ለሚያንቀሳቅሰው ሰው ሰጡህ፤ እኔን ደግሞ ዘጠነኛው የቤቶች ረድፍ ላይ ልብስ ለምትሰፋዋ ሴትዮ። ዛሬ እንጀራዬ የእሷ ነው። ቅዳሜ ወለሉ በሰም ይታሻል፣ ሸክላ ይከፈታል፣ አንተም የአስተማሪህን ጫማ ተውሰህ ጫፉ ላይ ጋዜጣ ጠቅጥቀህ ትደንስ ነበር። አንድ ቀን ስታዞረኝ ጋዜጣው ወጥቶ ወለሉ ላይ ቀረ። አንተ ያላየህ መስለህ ዳንሱን ቀጠልክ። እኔም ያላየሁ መሰልኩ።

ማዕድን ማውጫው ሲሸጥ የአዳራሹ በር ተቆለፈ። ከዚያ ቤተ ክርስቲያን ሆነ፤ ከዚያ የዶሮ ማርቢያ። ባለፈው ሴፕቴምበር የተማሪ ዩኒፎርም ላደርስ በዚያ ሳልፍ በሩ ተከፍቷል። ዶሮዎቹ የሉም። ጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ “ወጣቶችን ከአማካሪ ጋር እናገናኛለን፤ ሐሙስ ከሰዓት” ይላል። ዩኒፎርሞቹን እንደታቀፍኩ ቆሜ ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

ሐሙስ ሄድኩ። ወረቀት የምትይዘዋን ልጅ ኃላፊዋ ማን እንደሆነች ብጠይቃት “እማማ ጄሬ” አለችኝ። ጄሬ ከተባለ ከንጎኒ ነገድ ነው። ንጎኒ ከሆነ ደግሞ መሰዳደብ የወዳጅ ጨዋታችን ነው፤ ለኛ ለቤምባዎች ሳይሳደቡ መግባት ነው ነውሩ። ስለዚህ በሩን ከፍቼ “ኧረ ጉድ! አይጥ በሊታዎች ልጆቻችንን ሊያሳድጉ ተነሱ? ለካ ጣራው ላይ አንድ አይጥ ያልቀረው ለዚህ ነው!” አልኩ።

እነሱ ደግሞ እኛን እንደሚሉት “ጦጣ በሊታ” እስክባል ጠበቅሁ። እንሳሳቃለን፣ ወንበር ይሰጠኛል ብዬ ነው። ሴትዮዋ መነጽሯን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

“ጄሬ የባሌ ስም ነው” አለች። “እኔ የካሳማ ልጅ ነኝ። እንዳንቺው ቤምባ። በዕድሜም እበልጥሻለሁ።”

ያ ቃል ከንጎኒ ጋር ጨዋታ ነው፤ ለገዛ ወገን፣ ያውም ለታላቅ ሲሆን ግን ስድብ ነው። የምገባበት ጠፋኝ። ወረቀት የምትይዘዋ ልጅ ሳቋን በመሐረብ ያዘች። እማማ ጄሬ የቻንዳን ወረቀት ተቀበለችና ከክምሩ ሥር ሸጎጠችው። “ተራሽ ሲደርስ እንጠራሻለን” አለች።

ሦስት ሳምንት ጠበቅሁ። የጠራኝ የለም። በዚያ መሀል ቻንዳ አዲስ ቀይ ጫማ አድርጋ ገባች። ማን እንደገዛላት አልጠየቅሁም።

ቅዳሜ ጠዋት እማማ ጄሬ ቤት ሄጄ በሩ ላይ ተንበረከክሁና በታላቅ ፊት እንደሚደረገው መዳፌን ገጥሜ አጨበጨብሁ። እሷ ጓዳ ሆና ሥራዋን ቀጠለች። በመጨረሻ “ተነሺ” አለች፤ “ጉልበትሽ ሲንቋቋ እዚህ ድረስ ይሰማል።” አስገብታ የበቆሎ መጠጥ፣ ሙንኮዮ ቀዳችልኝ። ከዚያ እንዲህ አለችኝ፤ “ባሌ ሠላሳ ዓመት ጦጣ በሊታ እያለ ነው ያኖረኝ። እኔም አይጥ በሊታ እያልኩ ነው የቀበርኩት። እሱ ከሄደ ወዲህ ያንን ቃል ከማንም አፍ ሰምቼ አላውቅም ነበር። አንቺ እየጮህሽ ስትገቢ የቤቴ ድምፅ የመጣ መሰለኝ። ቀና ስል አንቺ ነሽ። ያናደደኝ እሱ ነው።”

ስለ ቻንዳ አንድ በአንድ ጠየቀችኝ። ሁሉንም ነገርኳት፤ ሾፌሩንም፣ ጫማውንም። “ይቺን የመከራት ብዙ ነው” አለች። “ለእሷ የሚያስፈልጋት የሚሰድባት ሰው ነው።”

የላከችን እማማ ኒሬንዳ ወደምትባል፣ ከምሥራቅ ወደ መጣች የንጎኒ ሴት ነው። የተቃጠለ የውሃ ፓምፕ ሞተር ፈታ የመዳብ ሽቦውን እንደገና ትጠመጥማለች። ቻንዳን ይዣት ስገባ ሰላምታ እንኳ አላስቀደመችም። “ይቺ ናት? የጦጣ አጥንት ጉሮሮዋ ላይ ቀርቶባት ነው የማትናገረው?” አለች። ቻንዳ ግድግዳውን አየች። “ነይ ይቺን ሽቦ ያዢ። ቀስ በይ፣ ጅራትሽ እንዳይጠላለፍብን።” እኔ እጇን ይዤ ወደ ቤት ልመልሳት ዳድቶኝ ነበር። እማማ ኒሬንዳ ግን ምላሷም እጇም አላረፈም። “ጦጣ እንኳ ሲነኳት ትጮኻለች፤ አንቺ ምን ሆነሽ ነው?” ስትል፣ ቻንዳ ቀና ሳትል፣ “የሚጮኸው ጠዋት የበላሽው አይጥ ነው፤ ሆድሽን አዳምጪው” አለቻት።

ስምንት ወር ሙሉ ያልሰማሁት ድምፅ ነው። እማማ ኒሬንዳ ፒንሳዋን ጥላ ሳቀች። እኔ ወደ ውጪ ወጥቼ ግድግዳውን ተደግፌ ቆምሁ።

ከዚያ ወዲህ ማክሰኞና ቅዳሜ ትሄዳለች። ከጃንዋሪ ጀምሮ ትምህርቷንም ይዛለች። ፀጉሯ የሞተር ሽቦው ቫርኒሽ ይሸታል። የካውያዬን ገመድ ፈትታ ቀጥላ “አንቺን ሊገድልሽ ነበር” ብላ ተቆጣችኝ። መቆጣቷ እንዴት እንዳስደሰተኝ! የናኮንዴው ሾፌር በፌብሩዋሪ መጣ። ከበር ላይ ሲያናግራት መጋረጃው ጀርባ ሆኜ ሰማሁ። ቅዳሜ እንሂድ አላት። ቅዳሜ አይመቸኝም፣ በጅምር ያለ ሞተር አለ አለችው። “ዝናቡ ሲያበቃ እመለሳለሁ፤ እስከዚያ ሞተርሽን ጨርሺ” ብሏት ሄደ። ይህችን ልጅ እዚህ ያቆያት ያ ቅዳሜ ብቻ ነው። ሌላ ምንም ነገር የለኝም።

አሁን ወደ አንተ መጣሁ።

እማማ ጄሬ ከባ ካሶንዴ ደንብ ላይ አንድ ጨምራለች። ልጅ ያመጣ የሌላ ሰው ልጅ ይወስዳል። የወሰዳትን ከተወ ያመጣትም ልጅ ቦታዋን ትለቃለች። በጃንዋሪ እኛን አማካሪዎቹንና ልጆቹን ሰብስባ የምደባ ካርድ ስታነብ አንድ ስም ጠራች። የእኔን ስም ስለጠራች ተነሳሁ። ከኋላ ወንበር ደግሞ አንዲት ልጅ ተነሳች። እማማ ጄሬ “ሞክሼዎች!” ብላ አጨበጨበች። ቀጥላ የልጅቱን የአባት ስም አነበበች፤ የአንተን ስም።

ተመልሼ ተቀመጥሁ። እምቢ ማለት እችል ነበር፤ ግን ቻንዳ ቅዳሜዋን ታጣለች።

ልጅህ ረዝማለች። እናቷ ከሞተች ወዲህ አያቷ ጋ እንደሆነች ታውቃለህ፤ መንገዱ አዲስ ስለተሠራ በሩ አይጠፋህም። ሐሙስ ሐሙስ እኔ ጋ ትመጣለች። ስትሰፋ ምላሷን ታወጣለች። ኦቾሎኒ ስሰጣት ቆዳውን ልጣ ልጣ ጠረጴዛው ላይ በሰልፍ ትደረድርና ከዚያ ነው የምትበላው። ኪስ መሥራት አስተምሬያታለሁ፤ ኮሌታ ገና ነው።

ባለፈው ሐሙስ ስሟን ማን እንዳወጣላት ጠየቅኋት። አባቴ አለችኝ። “እናቴ ግን በዚህ ስም ጠርታኝ አታውቅም። ‘አንቺ ልጅ’ ነበር የምትለኝ። አያቴም እንደዚያው። በስሜ የሚጠራኝ አባቴ ብቻ ነበር” አለች። እኔ ክሩ ከመርፌው ወጥቷል፣ መልሰሽ አስገቢው አልኳት።

ያኔ ወንድሞችህ የሽምግልናውን ሁለት ሳህን ገጥመው፣ ነጭ ጨርቅ ጥለውበት፣ የኛን በር አልፈው ወደ ሌላ ቤት ሲሄዱ በመስኮት አይቻለሁ። ስለዚያ ልወቅስህ አይደለም የምጽፈው። እናቷ ያንን ስም ከአፏ አለማውጣቷን አሁን ነው የሰማሁት፤ ያንቺ ዕዳ አልነበረም ብላት ደስ ባለኝ።

ለአንተ ያለኝ ጉዳይ ይህ ነው። ከሉሳካ፣ ከአማካሪዎቹ ዋና ቢሮ ቅጽ መጥቷል። አባት በሕይወት ካለ የሚሞላውም የሚፈርመውም አባት ነው፤ የአያት ፊርማ አይበቃም። እስከ ማርች መጨረሻ ካልገባ የልጅህ ስም ይሰረዛል፣ በእሷም ምክንያት የቻንዳ። ዝናቡም የሚያበቃው ያን ሰሞን ነው። ቅጹን ከደብዳቤው ጋር አጥፌዋለሁ። እንዳይከብድህ የምችለውን ሞልቻለሁ፤ የትውልድ ቀኗን፣ ትምህርት ቤቷን፣ የእናቷንም ስም። ፊደሉን አልሳትኩም። አንተ ትፈርምና ለዚሁ የአውቶቡስ ሾፌር ትመልስለታለህ፤ ማክሰኞና ዓርብ ይመጣል። ልጅህን ልትጠይቅ ራስህ ይዘኸው ብትመጣም መንገዱ ክፍት ነው። ሐሙስ ከስምንት ሰዓት በኋላ እኔ ቤት ናት።

አንድ መስመር ግን ባዶ ትቻለሁ። “አማካሪዋ ከልጅቱ ጋር ያላት ዝምድና” ይላል። እማማ ጄሬ ነግራኛለች፤ በእኛ ዘንድ ሞክሼ እንደ ዘመድ ትቆጠራለች፣ ሉሳካ ያሉት ግን ዘመድ ከሆነች አይቀበሉም። ስለዚህ “የለም” ብለህ ጻፍበት። እውነትም የለም። አንዲት ቃል ናት። እኔ ልጽፋት ሁለት ቀን እስክሪብቶ ይዤ ተቀመጥሁ።

ከዚያ ከምትሠራበት ከትልቁ የማዕድን ጉድጓድ አፍ አምላክ ይጠብቅህ። እጅህን ከማሽን፣ ደረትህን ከብርድ ይሰውርልህ። የተጣላኸው ሰው ካለ ያስታርቅህ፤ የራበህ ቀን ሰው አያሳጣህ።

የቻንዳ አክስት