የጢንዚዛዋ እርሻና የአማቴ ፍልጥ

ሰኞ፣ ኅዳር 8
ደረቀ! ከአምስቱ የፖም ዛፎቼ በበሩ አጠገብ ያለው። ግንዱ በመርፌ የተወጋ ይመስላል፤ ከየቀዳዳው ነጭ ዱቄት እንደ ክር ወጥቷል። ምሳር ሳነሣ አማቴ እማማ ጥሩዬ ጮኹ፦ «ዛሬ አርባዕቱ እንስሳ ነው! ምን ልታደርግ ነው አንተ?» አስቀመጥሁት። ግንዱ ውስጥ የገባችው ጢንዚዛ ግን በዓል አታውቅም፤ ስትሰረስር ዋለች።

ማክሰኞ 9
የግብርና ባለሙያዋ መጣች። «መምህር፣ ጢንዚዛዋ እንጨቱን አትበላም። ሻጋታ ይዛ ገብታ ትዘራለች፤ የምትበላው እሱን ነው።» ገበሬ ናት ለካ! ያለ ሞፈር፣ ያለ ግብር። ሻጋታው የውሃውን መንገድ ይደፍናል፤ ዛፉ ሥሩ ውሃ ውስጥ ሆኖ በጥም ይሞታል። መድኃኒት ብንረጭስ? «ውስጥ ስላለች አይደርስባትም። ቆርጠው ቶሎ ያቃጥሉት፤ አለዚያ ልጆቿ ወደ አራቱ ይሻገራሉ።»
ቆረጥሁ። የአምስት ዓመት ልፋቴን በግማሽ ሰዓት። ፈልጬ ከመርሁት፤ ነገ ይቃጠላል።

ረቡዕ 10
ከትምህርት ቤት ስመለስ ፍልጡ የለም። የት ሄዶ! እማማ ጥሩዬ እንዲደርቅላቸው በአራቱ ጤነኛ ዛፎች ላይ አስደግፈውታል። በሽተኛውን ከጤነኛ ጋር አስተኝተው!
«እማማ፣ ይህ መቃጠል አለበት።»
«ይቃጠላል እኮ፤ ለጽዮን ማኅበሬ ወጥ ስሠራ።»
ጽዮን አሥራ አንድ ቀን ይቀራታል።

ሐሙስ 11
የነፍስ አባታችንን አማላጅ አመጣሁ። «ነገ ኅዳር ሚካኤል ነው፤ ቆሻሻ ሁሉ ይታጠናል። በዚያው ይንደድ» አሉ።
«አባ፣ የፖም ፍልጥ ቆሻሻ ነው እንዴ?» አሉ እማማ ጥሩዬ።
አባ ወደ ሰማይ አዩ። ተሸነፍን። እማማ ይባስ ብለው የጠላ ብቅላቸውን ከፍልጡ ሥር በሰሌን አሰጡ።

ዓርብ 12
መንደሩ ሁሉ በየደጁ ቆሻሻ ያነዳል። የእኛ ደጅ ላስቲክና አሮጌ ጫማዬ ብቻ። ድንገት ጩኸት፦ «ብቅሌ ላይ ማነው ዱቄት የነሰነሰው?»
ወደ ላይ ጠቆምሁ። ከፍልጡ ነጭ ዱቄት ይረግፋል።
«በእኔ ብቅል? ይቺ ከይሲ!»
የባለሙያ ምክርና የካህን ምልጃ ያቃተውን ብቅል ፈጸመው። ፍልጡን ታቅፈው እሳት ውስጥ ወረወሩት፤ ጭራሮ እንኳ አላስቀሩም። «ምን ቆመህ ታያለህ? አግዘኝ እንጂ!» በትሕትና አገዝሁ።

ቅዳሜ 13
አራቱን መረመርሁ። ሦስቱ ንጹሕ። አራተኛው ላይ አንድ ቀዳዳ። አንድ። ዱቄት የለውም፤ ወይ ሳይመቻት ወጥታለች፣ ወይ ገና ማሳ እያለሰለሰች ነው።
እማማ ጥሩዬ ጆሯቸውን ግንዱ ላይ ለጥፈው ቆዩ። «ዝም ብላለች» አሉ። ከዚያ ገብተው ምሳሩን አመጡና ከዛፉ ሥር አስደገፉት። ዛሬም የአእላፍ በዓል መሆኑን ሁለታችንም አላነሣንም።