ሳይቀመስ የተጨመረ ጨው

ሰኞ፣ የካቲት 19። ከቀኑ 10፡00

አንተ ደብተር፣ ለሌላ ሰው የማልተነፍሰውን ለአንተ ልንገርህ። ዛሬ በሁዳዴ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ በሰው ፊት ጨው ላስኩ።

እዚህ ናይሮቢ፣ የሁርሊንግሃሙ የገበያ ማዕከል በር ላይ ነው። ሽንኩርት ልገዛ ስገባ ጥበቃው ቦርሳዬን ከፈተ። በፌስታል የተቋጠረ ነጭ ዱቄት። አየኝ፤ አየሁት። "ቹምቪ፣ ጨው ነው" አልኩት። እንግዲያው ቅመሺ አለኝ። ሰልፉ ከኋላዬ ረዝሟል። ምን ላድርግ፣ በጣቴ ነካ አድርጌ ላስኩ። ከኋላዬ የቆመችው ደግሞ የሰንበቴ ማኅበራችን ሰብሳቢ። "እህቴ፣ ዛሬ ቅዳሴው በጠዋት ወጣ እንዴ?" አለች፣ ድምጿን እንኳ ሳትቀንስ። ወሬው እስከ ማታ ኢስትሊ ሰፈር ይደርሳል።

ሁሉም በእህቴ በእትዬ ሸዋዬ የመጣ ነው። ምግብ ቤት አላት፣ ደም ግፊትም አላት (ከዚህ በኋላ ደ.ግ.፣ እጄን ይደክመኛል)። ክኒን ትውጣለች። በሁዳዴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ እንኳ በአፏ አይዞርም፤ ስለዚህ ለምሳ ደንበኛ የምታበስለውን ሳትቀምስ ነው የምታወጣው። ጨው በግምት፣ በእፍኝ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ያንኑ ወጥ ራሷም ትበላለች። ሌላ ሰው ይቅመስልሽ ብላት ሠላሳ ዓመት ያበሰለ እጅ ቀማሽ አይፈልግም አለችኝ።

ባለፈው ወር አዲስ አበባ በሚታተመው መጽሔት፣ ስለ ምግብ በምጽፍበት ዓምዴ ላይ ያመሰገንኩት ጨው አለ። ግማሹ ተራ ጨው፣ ግማሹ ፖታሲየም። ጨው ደ.ግ. ያወጣል፣ ፖታሲየም ያረግባል፤ ጎመንና ምስር የሚመሰገኑትም በዚሁ ነው። እትዬ ግን የበሽተኛ ጨው ወጥ ቤቴ አይገባም ብላለች። ስለዚህ ከካርቶኑ አውጥቼ በፌስታል። ስምንት ሰዓት ላይ እሷ ሳሎን ውስጥ ደንበኛ ስትሸኝ የጨው ዕቃዋን ገልብጬ በእኔው ሞላሁት። ነውር ነው አትበለኝ። ለራሷ ነው።

ሐሙስ፣ የካቲት 22። ከቀኑ 9፡30

ጋሽ ተፈራ አናደደኝ። ዕርዳታ ድርጅት ውስጥ ትልቅ ሰው ነው፤ ምላሱ ግን ከሥልጣኑ ይበልጣል። ምግብ ቤቱ ሙሉ ሆኖ ሳለ፦ "እትዬ ሸዋዬ፣ ሽሮውና ጨው ተጣሉ እንዴ? ሽማግሌ እንላክ?" ጠረጴዛው በሙሉ ሳቀ። እትዬ እንደ ሙሽራ አቀረቀረች። ነገ ጨውን እጥፍ አደርጋለሁ ስትል ሰማኋት።

ሕዝባችን ምላሱ ደንዝዟል እኮ። ሽሮው ሲፈጭ ጨው አለበት፣ በርበሬው ጨው አለበት፣ ላዩ ላይ የሾርባ ኩብ፣ ከዚያ ደግሞ ጨው አምጡልን። በሃምሳ ዓመቱ ሲወድቅ የሰው ዓይን ነው ይባላል። ዓይን አይደለም ጋሼ። ማንኪያህ ነው።

ቅዳሜ፣ የካቲት 24

ቅዳሜና እሁድ እስከ ዘጠኝ መቆየት የለም። እትዬ ቀመሰች። ፊቷ ተኮማተረ፤ ይመራል አለች። አለቀልኝ ብዬ ቆምኩ።

በርበሬው ነው አለች። ስልኩን አንስታ ኢስትሊ የምትሸጥላትን ሴትዮ አብጠለጠለቻት፤ ምን ቀላቅለሽበት ነው፣ ጾመኛ አትፈሪም ወይ፣ ሌላም ሌላም። ሴትዮዋ ማለች፣ ተገዘተች። እኔ ሽንኩርት ከተፍኩ። ይኸውልህ ደብተር፣ ሽንኩርት ከተፍኩ።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 4። ከምሽቱ 1፡00

አሁን ከክሊኒክ ተመለስኩ።

ከቀትር በፊት እትዬ ምድጃው አጠገብ ዱካ ላይ ቁጭ አለች። እግሬ አልታዘዝ አለኝ አለች። ልቤ ዘለል ይላል፣ ቆም ይላል፣ ደግሞ ይሮጣል አለች። ሰሞኑን አፏን ይመራት ነበር፤ በርበሬው ተቀይሮም አልተዋት ሲል ከክኒኑ ነው ብላ ተወችው። አሁንም ጾሙ ነው፣ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ይለቀኛል አለች። ልጇ ማህሌት፣ እዚሁ ናይሮቢ የተወለደች የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ አልሰማቻትም። "ማሚ፣ ዘጠኝ ሰዓት አንጠብቅም። ትዌንዴ፣ እንሂድ" ብላ ታክሲ አስቆመች።

ፓርክላንድስ፣ ክሊኒክ። ደም ቀዱ፣ ደረቷ ላይ ሽቦ ለጠፉ። ሐኪሙ ወረቀቱን ሁለቴ አነበበው። ፖታሲየሟ በጣም ወጥቷል፣ ልብ ሊያቆም ይችላል አለ። የምትውጠው ክኒን ፖታሲየም ከሰውነት እንዳይወጣ የሚይዝ ዓይነት ነው፤ ውኃ ሳይጠጡ መዋል ሲጨመርበት ኩላሊትም ማስወጣት ያቅተዋል። አስተኟት።

ምስር፣ ጎመን፣ ሙዝ፣ አቮካዶ፣ ድንች ሁሉንም ለጊዜው ከለከለ። በገንኩ። ታዲያ ጾመኛ ምን ይብላ፣ ንፋስ?

አዲስ የጀመረችው ነገር አለ ወይ ብሎ ጠየቀ። እትዬ የለም አለች። እኔን አየኝ። ጾም ላይ ናት አልኩት። ፖታሲየም የምትለዋን ቃል እዚያ ክፍል ውስጥ ከእሱ ቀጥሎ የማውቃት እኔ ነኝ። ቁንጥር ጨው ይህን አያደርግም ብዬ ለራሴ አወራሁ። ቁንጥር አልነበረም። እጥፍ እፍኝ ነበር።

ረቡዕ፣ መጋቢት 5። ከረፋዱ 5፡00

ማህሌት ለእናቷ ጋቢ ልትወስድ ቤቴ መጣች። ቁም ሳጥን ስር ባዶውን ካርቶን አገኘችው። አነበበችው። እኔ መነጽሬን ፍለጋ ስሄድ ጮክ ብላ አነበበችልኝ፦ የልብ፣ የግፊት ወይም የኩላሊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሐኪም ሳያማክር እንዳይጠቀም።

"አክስቴ፣ ማሚ ይሄንን ነው ስትበላ የከረመችው? ሲሪየስሊ?"

እኔ ደግሞ ተቆጣሁ። የጉንዳን እግር የሚያህል ፊደል ይጻፋል ወይ፣ የሸጠችልኝ ልጅ አፍ የላትም ወይ፣ ሐኪሙስ ጨው ብሎ ለምን አልጠየቀም።

ማህሌት ካርቶኑን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች። "አንቲ፣ የእነሱ ጽሑፍ ትንሽ ነው፣ እሺ። መጽሔቱ ላይ ያንቺ ስም ግን በትልቁ ነው።"

መነጽሬን አድርጌ እኔም አነበብኩት። እሷው እያየችኝ ሐኪሙ ጋ ደወልኩ፣ ሁሉንም ነገርኩት። አልጮኸብኝም፤ ትናንት ብትነግሪኝ ኖሮ አለና ዓረፍተ ነገሩን ተወው። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ምግብ ቤቱ ሄጄ ዕቃውን ደፋሁት፣ አጠብኩት፣ ተራ ጨው ከግማሽ በታች አደረግሁበት።

ዓርብ፣ መጋቢት 7

እትዬ ቤቷ ገባች። ፖታሲየሟ ወርዷል፣ ክኒኗ ተቀይሯል። እልል ማለት ነበረብኝ።

የንስሐ አባቷ መጡ። ታመሻል፣ ለዘንድሮ ጾሙን ፍቺው አሏት። ደግ ሰው ናቸው፣ በእሳቸው አልፈርድም። እትዬ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ አንድ ሁዳዴ አልፈታሁም አለች። የጣለኝ ጾሙ ከሆነ አልተቀበለኝም ማለት ነው አለች፣ ቀስ ብላ፣ ለግድግዳው። እኔ የአጃ ሾርባ ይዤ በሩ ላይ። ጾሙ አይደለም፣ እኔ ነኝ ማለት ስንት ቃል ነው? አላልኩም። ትጠንክር ብዬ። ፈሪ ሁሉ የሚለውን አልኩ።

ማህሌት ሳሎን ውስጥ ጠበቀችኝ። "አንቺ ካልነገርሻት እኔ እነግራታለሁ። ካንቺ ብትሰማው ግን ይሻላል።"

አዲስ አበባ ደውዬ ማረሚያ ይውጣልኝ አልኩ። የመጽሔቱ አዘጋጅ ስለ ጨው የጻፍሽው ተወዷል፣ አንባቢ አታደናግሪ አለኝ። በሚቀጥለው እትም ግርጌ ላይ ሐኪምዎን ያማክሩ የምትል አንዲት መስመር እናስገባለን አለ። የስንቱ አንባቢያችን እናት የእትዬን ዓይነት ክኒን እንደምትውጥ ታውቃለህ ወይ አልኩት።

"ውዴ፣ ሙች አታጋንኚ። ጨው እኮ ነው።"

ጨው እኮ ነው። ስልኩን ዘጋሁበት። ከአንድ ወር በፊት እኔም ይህንኑ እል ነበር፤ የተናደድኩት በዚህ ነው።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 11። ከቀኑ 8፡20

ጠዋት ኢንተርኔት ካፌ ሄጄ ለአዘጋጁ ላክሁለት። አንዲት መስመር አይደለም፣ ሙሉ ዓምድ፣ በስሜ። ጨው ቀንሱ፣ እሱ እውነት ነው። ጎመንና ምስር ለብዙ ሰው ልብ ደግ ነው፣ እሱም እውነት ነው። የግፊት፣ የልብ ወይም የኩላሊት ክኒን የምትውጡ ግን ያንን ካርቶን ለሐኪማችሁ ሳታሳዩ አትክፈቱት፤ ከከፈታችሁም ዛሬውኑ ተናገሩ። እህቴን ምን እንዳደረግኋትም ጽፌያለሁ። አንድ ቃል ከቆረጠ ሌላ ዓምደኛ ይፈልግ።

እህቴ ግን ከአንባቢ በፊት መስማት አለባት። ሐኪሙን ደግሜ ጠይቄዋለሁ፦ ጾሙ ብቻውን አልጣላትም፤ ከእንግዲህ ስለ ውኃውና ስለ ክኒኑ ሰዓት ከእሷው ጋር ይነጋገራል። ይህን ሳታውቅ ሁለት ቀን ሙሉ ስድስት ሰዓት ላይ ምሳ ቀርቦላት አልቅሳ ሰሃኑን ትመልሳለች።

አሁን ምግብ ቤት ናት፣ ማህሌት ካሼሩ ጋ አስቀምጣታለች። ምሳ ሰዓቱ ስላለፈ ደንበኛ ጥቂት ነው። እሄዳለሁ። ኢስትሊ የተሰደበችውንም ሴትዮ በእትዬ ፊት እደውልላታለሁ። የእህቴን ስድብ አልፈራም፣ በስድብ ነው ያሳደገችኝ። ዝም ካለችኝ ግን ምን እንደምሆን አላውቅም። ያለችኝን አንድ ቃል ሳላስጌጥ፣ ለራሴ የሚያደላ ነገር ሳልጨምር አምጥቼ እሰጥሃለሁ። ዝም ካለችም ዝምታዋን እጽፍልሃለሁ።

ማህሌት ደወለች፤ እናቷ ለምን እንደምመጣ ጠይቃት ራሷ ትንገርሽ ብላታለች። ሄድኩ።