ውድድሩ ለሁሉም የተከፈተ ዕለት

ዝዋይ፣ ጥቅምት 1977 ዓ.ም.

የምትናፍቀኝ ወንድሜ፣

ለመሆኑ እንደምን ሰንብተሃል? የዚያ የሰሜን ተራራ ብርድ እንዴት አድርጎህ ይሆን? የላክንልህ ሹራብ ደርሶህ ከሆነ በሚመጣ ሰው ንገረን። እማማ ስምህን ሳታነሳ ውላ አታድርም። አክስታችን ሸዋወርቅም ከናዝሬት መጥታ እኛው ጋ ከርማለች፤ እሷም ትስምሃለች።

ስለ ጀልባ ውድድሩ ሳልጽፍልህ ብዙ ቆየሁ። እየጀመርኩ ስንቴ ቀደድኩት። ዛሬ ግን እንደምንም ልጨርሰው።

ያ ለዘመቻ እስክትሄድ ድረስ የለፋህበት ነገር ተሳካ። ፈረንጆቹ ትተዋቸው በሄዱት ካታማራኖች፣ በእነዚያ ሁለት ጠባብ ጀልባዎች ጎን ለጎን ተጣምረው በሸራ በሚነዱት ብቻ ሲካሄድ የኖረው ውድድር ዘንድሮ ለአብዮት በዓል ለሁሉም ተከፈተ። የአሣ አጥማጆች ማኅበር የእንጨት ጀልባዎቹን አስገባ። የእኛ የደሴት ሰዎችም ከደንገል ሣር በታሰረ ታንኳቸው ገቡ። ከዚህ ከዳር ተነስቶ ቱሉ ጉዶ ደሴትን ዞሮ መመለስ ነው። ሕዝቡን ብታይ! ከሻሸመኔ በጭነት መኪና፣ ከናዝሬት በአውቶቡስ መጣ፤ የከተማችን ጋሪ ሁሉ ወደ ሐይቁ ወረደ። ድሮ ከፈረንጆቹ ክለብ አጥር ውጪ ተንጠራርተን የምናይ ሰዎች ያን ቀን ዳስ ውስጥ ተቀመጥን።

አባባ ክረምቱን ሙሉ ፀሐይ በወጣች ቁጥር ደንገል ሲያደርቅ ከርሞ አዲስ ታንኳ አሰረ። ለሚያውቀውም ለማያውቀውም «ልጄ ያስከፈተው ውድድር ነው» ይል ነበር። እማማ «በዚህ ዕድሜህ ከጎረምሳ ጋር ምን ያጋፋሃል?» ብትለው፣ «ላሸንፍ መሰለሽ? እኔም አለሁ ልል ነው እንጂ» አላት። እሷም ስቃ ተወችው።

አንተ ለውድድሩ ኮሚቴ የነገርከውን አልረሳሁትም። ታንኳዎቹ ገና ጎህ ሲቀድ ይነሱ፣ የእንጨት ጀልባዎቹ ይከተሉ፣ ካታማራኖቹ መጨረሻ ይውጡ፤ ያኔ ሁሉም የከሰዓቱ ነፋስ ሳይነሳ አንድ ላይ ይደርሳሉ ብለህ ነበር። እኔም ይህንኑ ለሊቀመንበሩ ለጓድ ንዋይ ደጋግሜ ነገርኩት። እሱ ግን፣ «የክብር እንግዶቹ ሲመጡ ባዶ ሐይቅ ሊያዩ ነው እንዴ? ሁሉም ባንዴ ሲነሳ ነው የሚያምረው» አለኝ። ለመለመን እንኳ ጊዜ አልሰጠኝም።

እንግዶቹ አረፈዱ። አባባና ሌሎቹ ታንኳቸውን ይዘው ፀሐይ ላይ ሲጠብቁ ቆዩ። ንግግሩ ተደርጎ መነሻው ሲተኮስ ቀትር ሆኖ ነበር። እውነቱን ልንገርህ፣ ሲነሱ ያምር ነበር። ነጩ ሸራ፣ ቀለም የተቀባው እንጨት፣ ከኋላ ደግሞ ቢጫው ደንገል። ሕዝቡ ከፊት ለቀደሙት ሳይሆን ለታንኳዎቹ አጨበጨበ። አባባ ከመቀመጫው ብድግ ብሎ መቅዘፊያውን ወደ እኛ አነሳ። እማማ እልል አለች።

ነፋሱ የመጣው ካታማራኖቹ ደሴቱን ዞረው ሲመለሱ ነው። ለእነሱ በጀ፤ ሸራቸው ሞልቶ በረሩ። ታንኳዎቹ ግን ገና መሀል ላይ ነበሩ። ካታማራን የሚነዳው የናዝሬቱ መርዳሳ ይመራ ነበር፤ መድረሻው አጠገብ ሲሆን ዞር ብሎ ወደ ኋላ አየ፤ ከዚያ ሸራውን አዙሮ ወደ ማዕበሉ ተመለሰ። ሕዝቡ መጀመሪያ አልገባውም፤ አንዳንዱ ሳቀበት። አሣ አጥማጁ ጂብሪልም በማኅበሩ ጀልባ ተከተለው። ሁለቱ ሆነው ሌላውን ሰው ሁሉ ከውሃው ሰበሰቡ። የአባባን ታንኳ መርዳሳ አገኘው። ታንኳውን ብቻ።

ከዚህ ወዲያ ያለውን ስትመጣ እነግርሃለሁ። መርዳሳ አሁንም በየእሑዱ ከናዝሬት ይመጣል፤ እማማ አጠገብ ተቀምጦ ይሄዳል። እማማ ወደ ሐይቁ አትወርድም።

አንድ ነገር ግን ስማኝ። እዚያ ምሽግ ውስጥ ሆነህ «እኔ ባላስከፍተው ኖሮ» እንደምትል አውቃለሁ። አትበል። ያንተን ሐሳብ ግማሹን ብቻ ነው የወሰዱት፤ ሰው የሚያድነውን ግማሽ ነው የተዉት። አባባም ያን ቀን ደስ ብሎት ነው የሄደው፤ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ።

ብቻህን አትሁን። እዚያ የምትቀርበው ጓደኛ ካለህ ደብዳቤውን አብሮህ ያንብበው። የደሴታችን ጽዮን ማርያም ከጥይት ትሰውርህ፤ እግርህን ወደ ቤትህ ትምራልን፤ ለእማማ አንተን ታቆይላት።

አባባ ፊደል ስላልቆጠረ እስከ ዛሬ የደረሱህን ደብዳቤዎች ሁሉ እሱ እየተናገረ እኔ ነበርኩ የምጽፍልህ፤ መጨረሻውም ላይ «አባትህ» ብዬ የምፈርመው እኔ ነበርኩ። ዛሬ በራሴ ስም ፈርሜአለሁ።

እህትህ