ሁለተኛው ቅጽ

ለውድ እህቴ ለአርዜላ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ እንዴት ሆነ? ብርዱ ሲወጣ ይሻለኛል ብለሽ ጽፈሽልን ነበርና ብርዱ ይኸው ወጣ፤ ተሻለሽ ወይስ ያው ነው? ባልሽ ሉተርስ ወገቡን ለቀቀው? ልጅሽ ባርባራ ጂን ሐኪም ቤት የጀመረችው ሥራ ተስማማት? ከዚያ ከሰሜኑ ከተማችሁ ሐይቅ የሚነሳው ንፋስ አጥንት ይሰብራል ስትይ እማማ ሰምታ እስካሁን ስላንቺ በጸለየች ቁጥር «ንፋሱንም አስታግስላት» ትላለች። ሁላችሁም በጤና እንድትቆዩልኝ ዘወትር እለምናለሁ።

እኛ ለእግዚአብሔር ምስጋና ይግባውና በሕይወት አለን። እማማም ዓይኗ ቢደክም አፏ አልደከመም። ደህና ነን ብዬ እዚህ ላይ ብዘጋው ደስ ባለኝ፤ ግን እህት ዓለም፣ ይኸው ሦስት ሳምንት እንቅልፍ የለኝም። እዚህ ለማን ልንገር ብል ያልሰማ ሰው የለም። ሳይሰማ የቀረው ያንቺ ቤት ብቻ ነውና ላንቺ እጽፋለሁ።

በሜይ መጀመሪያ ለየቤቱ አንዳንድ ወረቀት በፖስታ መጣ። የፌዴራሉ ዳኛ ለትምህርት ቦርዱ ቁርጡን ነግሮት ኖሮ፣ ዘንድሮ በአውራጃው ያለ ልጅ ሁሉ፣ ነጩም ጥቁሩም፣ የሚማርበትን ትምህርት ቤት መርጦ ይጻፍ ተባለ። በዘር የተለያየ ትምህርት ቤት ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የፈረደ ጊዜ ልጄ ኮሪን ገና ሁለት ዓመቷ ነበር፤ አሁን አሥራ አምስት ሞላት። ፍርዱ ከዋሽንግተን በእግሩ ቢነሳ እንኳ ይህን ያህል አይቆይም ነበር። ወረቀቱ ላይ በትልልቅ ፊደል «ምርጫው የእናንተ ነው» ይላል። ዝቅ ብሎ ደግሞ በመረጠው ምክንያት ማንም ሰው አይቀጣም ይላል። እኔ ግን ማንም አይመታህም ብሎ አስቀድሞ የሚምል ወረቀት፣ ዱላ የያዘ ሰው እንዳለ ያውቃል ባይ ነኝ። ነጮቹ የነጮቹን እንጽፋለን፣ እኛም የእኛን እንጽፋለን፣ ዳኛውም ሰዉ በነፃነት መረጠ ብሎ ይመዘግባል፣ ሁሉም ወደ ቤቱ ይገባል ብዬ ቅጹን ቁም ሳጥኑ ላይ አኖርኩት።

እንደምታውቂው የነጮቹን ትምህርት ቤት መጥረግ ከጀመርኩ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። ከዕለታት አንድ ማክሰኞ ርእሰ መምህሩ ሚስተር ዳናዌይ አስጠራኝና «ተቀመጥ ኤዝራ» አለኝ። በነዚህ ሁሉ ዓመታት ተቀመጥ ብሎኝ አያውቅም። «ልጅህ ለሚቀጥለው ዓመት የእኛን ትምህርት ቤት መርጣ፣ ራሷ ፈርማ አስገብታለች። ታውቃለህ?» አለኝ። አላውቅም ብል የአባት ውርደት ነው፣ አውቃለሁ ብል የእንጀራዬ ጉዳይ ነው።

ለካ ደንቡ አሥራ አምስት ዓመት የሞላው ልጅ ራሱ መፈረም ይችላል ይላል። ኮሪን ቅጹን ከቁም ሳጥኑ አውርዳ ያን ቦታ አንብባዋለች፤ እኔ አላነበብኩትም። ሚስተር ዳናዌይ ግን ከሱ ቀጥሎ ያለውንም ያውቀዋል፤ ወሩ ሳያልቅ አባት ሌላ ቅጽ ካስገባ የልጁ ይሻራል፣ የአባቱ ይጸናል። «ቦርዱ ቢሮ ሂድና ሚስ ጆይስን ሁለተኛ ቅጽ ስጪኝ በላት» አለኝ። «እኔ አላስገድድህም፤ የምርጫ ነፃነት ነው። ብቻ ሰዎች ስላንተ እየጠየቁኝ ነው።» ክፉ ሰው አይደለም፤ ይህን ሲናገር እኔን ትቶ መስኮት መስኮቱን ነበር የሚያየው። እነማን ናቸው ብዬ አልጠየቅኩትም። እንዲህ ያለ ነገር አይጠየቅም።

ቤት ስገባ ኮሪን ከእናቷ ከሎቪ ጋር ባቄላ ትፈለፍላለች። ጮህኩባት እህቴ፤ አልደብቅሽም። «በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ» አልኳት። ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ «ገደሉንማ አይቼዋለሁ አባዬ፤ አሥራ አምስት ዓመት አጠገቡ ነው የኖርኩት» አለችኝ። ከዚያ የዛሬ ሁለት ዓመት ለመራጭነት ለመመዝገብ የሚፈትኑንን ፈተና ማን እንዳስጠናኝ ጠየቀችኝ። እውነቷን ነው፤ እሷ ናት ያስጠናችኝ። ያኔ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር። ሕግ የሚያወጣው ማነው፣ የሚያስፈጽመው ማነው፣ የሚተረጉመው ማነው እያለች እንደ ዳኛ ታፋጥጠኝ ነበር። «ሕገ መንግሥቱ ሲጀምር እኛ ሕዝቡ ነው የሚለው። ወይ ቆጥሮናል ወይ አልቆጠረንም፤ መሃል የለውም። አሥራ አራተኛው ማሻሻያ ደግሞ ለማንም ሰው የሕግ እኩል ጥበቃ አይከለከልም ይላል። በቃልህ ብለኸው የለም እንዴ?» አለችኝ። ብዬዋለሁ። አንድም ሳልስት ነው ያልኩት። ግን ሦስቱን የመንግሥት አካላት ስታስጠናኝ አራተኛውን ረስታዋለች፤ የቤት አከራይ የሚባለውን።

ለምን እንደፈለገችውም ነገረችኝ። ወደፊት መድኃኒት ቀማሚ መሆን ትፈልጋለች። በእኛው ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ የሚማሩት በጠመኔ ተስሎ ነው። እዚያ ግን እያንዳንዱ ጠረጴዛ የራሱ የጋዝ ቧንቧ አለው፤ ይህንንም የነገርኳት እኔው ነኝ፣ በገዛ አፌ። «ክፍሉን የምትጠርገው አንተ፣ ቁልፉ ያለው አንተ ኪስ፣ የማልገባው እኔ? ይሄ ነው ያልገባኝ» አለች። እኔም ነገሩን ለመዝጋት ያህል ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ብዬ ተነሳሁ። እማማ ከማዕዘኑ ሆና «ይኸው ጋግራም አወጣችው፣ ምን ቀረህ?» አለችኝ። እማማ መቼም ሳታሳቅቅ አትውልም።

ወሬው ወዲያው ተሰማ። በአውራጃው ከጥቁሮች የነጮቹን የመረጡት አራት ልጆች ብቻ ነበሩ። ሳምንት ሳይሞላ የሁለቱ አባቶች ሁለተኛውን ቅጽ አስገቡ፤ አንዱ የእንጨት መሰንጠቂያው ሠራተኛ ነው፣ አንዱ ጥጥ አራሽ። የሦስተኛዋ እናት ልጅቷን ወደ ሞቢል ወደ አክስቷ ላከቻት። ኮሪን ብቻዋን ቀረች። አንዲት አረንጓዴ መኪና በቤታችን ደጅ ቀስ ብላ ታልፋለች፣ መገንጠያው ጋ ትዞርና ቀስ ብላ ትመለሳለች። የሚነዳት ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ውሻው ግን አውቆታል፣ ገና የመኪናዋን ድምፅ ሲሰማ ከቤቱ ወለል ሥር ይገባል። ሎቪ ልብስ ስታሰጣ ትንሹን ልጃችንን ሳይረስን ከቀሚሷ ሥር አታርቀውም።

የባሰ ያሳዘነኝ ግን የመምህርት አይቨሪ ነገር ነው። ኮሪንን ከልጅነቷ ያስተማረቻት እሷ ናት። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ያዘችኝና «ኤዝራ፣ እኛ ምን አጎደልንባት? ጎበዞቹ ሁሉ ከሄዱ የእኛን ትምህርት ቤት ይዘጉታል፤ ያኔ እኔን የትኛው ነጭ ነው የሚቀጥረኝ?» አለችኝ። ከነጭ የመጣ ቁጣ የታወቀ ነው፤ በዚህኛው ግን አንጀቴ ተቃጠለ።

እናም የኮሪንን ምርጫ ልሰርዘው ወሰንኩ። ላንቺ ብዋሽ ምን ይጠቅመኛል? ባለፈው አርብ የእሑድ ኮቴን ለብሼ ወደ ቦርዱ ቢሮ ሄድኩ። ሚስ ጆይስ የባርባራ ጂን እኩያ ብትሆን ነው። ገና ሳልናገር ፈገግ ብላ «ና ኤዝራ፣ ስጠብቅህ ነበር። እንዳትቸገር ብዬ ሞልቼልሃለሁ፤ አንተ መፈረም ብቻ ነው» አለችኝና ወረቀቱን በመስኮቱ አሳለፈችልኝ። ሁሉም በታይፕ ተጽፏል፤ የእኔ ስም፣ የኮሪን ስም፣ የተወለደችበት ቀን። ትምህርት ቤት በሚለው ቦታ ደግሞ የእኛው ትምህርት ቤት። ከአናቱ ያው በትልልቅ ፊደል «ምርጫው የእናንተ ነው» ይላል።

እስክሪብቶውን ይዤ ነበር እህቴ። ጫፉ ወረቀቱን ነክቶ ነበር። ከዚያ አንድ ነገር መጣብኝ። ብሰርዘው ከመዝገባቸው ይሰረዛል እንጂ ከልባቸው አይሰረዝም። አንዴ ፈርማለች፣ አንዴ አውቀዋታል፤ ከእንግዲህ በዚህ አውራጃ ያቺ ልጅ ናት። አባቷም ከጎኗ ሳይቆም፣ ብቻዋን የፈረመች ልጅ። ሰው ሲቆጣ የሚፈልገው የፈረመውን ነው፤ ወረቀቱ ላይ ያለው ደግሞ የአንድ ፍሬ ልጅ ስም ነው። ከዚያ ጀርባ ተሸሽጌ ሦስት ሳምንት መክረሜ ያን ጊዜ ገባኝና አፈርኩ።

ባዶ ቅጽ ስጪኝ አልኳት። «ምነው? ተሳስቻለሁ እንዴ?» አለች። «የለም፣ በገዛ እጄ ልጻፈው ብዬ ነው እመቤቴ» አልኳት። ሰጠችኝ። ጊዜ ወስጄ ስሜን ጻፍኩ፣ የልጄን ስም ጻፍኩ፤ ትምህርት ቤት በሚለው ላይ አሥራ አንድ ዓመት የጠረግኩትን ትምህርት ቤት ስም ጻፍኩና ፈረምኩ። አነበበችው፣ ደግማ አነበበችው። «ኤዝራ፣ ይሄ እኮ ያው ነው። ይሄን ለመጻፍ መምጣት አያስፈልግህም ነበር» አለችኝ። «ያኛው የልጅቷ ነው፤ ይሄ የእኔ ነው። ማነው የላካት ብሎ የሚጠይቅ ቢመጣ ስሙን ያገኘዋል» አልኳት። ፈገግታዋ ጠፋ። ማኅተሙን መታችበት። ጀግና ሆንኩ ብለሽ ግን እንዳታስቢ፤ ወጥቼ መኪናዬ ውስጥ ስቀመጥ አረንጓዴዋ መኪና ቆማ ይሆን ብዬ መንገዱን ግራና ቀኝ ሳላይ አላስነሳሁም።

በማግሥቱ፣ ቅዳሜ፣ አከራያችን ሚስተር ስትራውድ መጣ። ከመኪናው አልወረደም። ቲማቲሙ ዘንድሮ ያምራል አለ። ጣራው ከተሠራ ስንት ዓመቱ ነው አለ። ከዚያ «ልጄ በመከር ሊያገባ ነው፤ ቤት ሳያስፈልገው አይቀርም» አለና ሞተሩን አስነሳ። ሊሄድ ሲል «እስከ ረቡዕ ጊዜ አለህ ኤዝራ። ላንተ ሲባል ሌላ ቅጽ አይጠፋም» ብሎኝ ሄደ። በዚህ ቤት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ኖረናል፤ ልጆቹ የተወለዱት እዚሁ ነው። ሚስተር ዳናዌይም ዛሬ በኮሪደሩ ሲያልፍ ሰላም አላለኝም፤ ቁልፎቼን ግን ገና አልተቀበለኝም።

እንግዲህ የምለምንሽ ይህን ነው። ቤቱን ከወሰዱብን እማማንና ሳይረስን ለጥቂት ጊዜ ታስጠጊልኛለሽ ወይ? ሉተርን አማክሪውና ሳትሳቀቂ ጻፊልኝ። እማማን አልጠየቅኳትም፤ ብጠይቃት ንፋሱን ሰበብ አድርጋ እምቢ እንደምትል አውቃለሁ። እኔና ሎቪ የትም እንሆናለን። ኦገስት መጨረሻ ትምህርት ሲከፈት ሥራዬ ላይ ካቆዩኝ ጠዋት የሷን ክፍል መስኮት የምከፍተው እኔ ነኝ። ካባረሩኝም እንደ ማንኛውም አባት እስከ በሩ አደርሳታለሁ። የቱ እንደሚሻል አላውቅም፤ ሁለቱንም እፈራለሁ።

ሉተርን ሰላም በይልኝ፤ ወገቡን ይጠብቅ። ባርባራ ጂንን አጎትሽ ይሳሳልሻል በያት። ሎቪ ሰላም ትልሻለች፤ የሆነውን የነገርኩት ለእሷ ብቻ ነው፣ ሰምታ ሄዳ የኮሪንን ነጭ ሸሚዝ ተኮሰች። እማማ ጉንጭሽን ትስማለች፣ እንደ ወትሮዋም ትገሥጽሻለች። ሳይረስ የፖስታ ቴምብሩን አስቀምጪልኝ ብሏል።

ከኮሪን ሰላምታ የለኝም። ከአርብ ጀምሮ አኩርፋኛለች። ኮቴን ለብሼ ስወጣ አይታለች፤ አባቴ ሰርዞት መጣ ብላ ነው የምታስበው። እኔም እውነቱን አልነገርኳትም። ለምን ትይኝ ይሆናል። ወሩ የሚያልቀው ረቡዕ ነው፤ እስከዚያ ያ የቦርዱ ቢሮ መስኮት ክፍት ነው፤ ልቤ በቀን አሥር ጊዜ ወደዚያ ይሄዳል። ዛሬ ማለዳ ኮቱን ከሚስማሩ አውርጄ መልሼ ሰቅዬዋለሁ። እሷ ሳታውቅ ተመልሼ ብሰርዘው ለእሷ ያው ነው። አውቃ ብመለስ ግን ዕድሜ ልኬን ዓይኗን ማየት አልችልም።

ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ሳላሽገው ለእሷ እሰጣታለሁ። ፖስታው ላይ አድራሻሽን የምትጽፍልኝ እሷ ናት፤ ደብዳቤዬን ሳታነብና ፊደሌን ሳታርም ደግሞ አሽጋልኝ አታውቅም። አሁን ከጓሮ ድምፅዋ ይሰማኛል፤ እጠራታለሁ። ደብዳቤው ከእጅሽ ከገባ ኮሪን አንብባዋለች ማለት ነው፤ እኔም አልተመለስኩም ማለት ነው።

ወንድምሽ ኤዝራ ክሬንሾ

ሃሪስ ቤንድ፣ አላባማ
ሰኞ፣ ሜይ 29 ቀን 1967