የነነዌን ግድግዳ ስለሣሉት ስለ ወይዘሮ ዋርዲያ ዘራ ዕረፍት፣ ከጥገና ሠራተኞች ማኅበር

እሑድ፣ ጃንዋሪ 21 ቀን 2024። ከጠዋት ጀምሮ ሲዘንብ ውሏል፤ ከቀብር የተመለስነው ጫማችን ጭቃ እንደጠገበ ነው። በቅዱስ አውጊን ዩኒቨርሲቲ የማሞቂያ ክፍል ከአሥራ ሦስቱ የማኅበሩ አባላት አሥራ አንዳችን ተገኝተናል፤ ሁለቱ የበር ተረኞች በስልክ ተስማምተዋል።

የጥገናና ጽዳት ሠራተኞች ማኅበር፣ የዩኒቨርሲቲው የቀለም ክፍል ኃላፊ የነበሩት ወይዘሮ ዋርዲያ ሐኑ ዘራ ዓርብ ማታ በስድሳ አራት ዓመታቸው ማረፋቸውን በጥልቅ ሐዘን ያስታውቃል። ሁላችንም ኻልቶ፣ አክስታችን፣ እንላቸው ነበር።

በ2006 በቀለም ቀቢነት ተቀጠሩ። ሥዕል ያስተማራቸው ሰው የለም።

በ2009 የመመገቢያ አዳራሹን ረጅም ግድግዳ እንዲያድሱ ታዘው የነነዌን ጾም ሣሉበት። ሌላው አገር ዮናስን ከነዓሣው አግዝፎ ይሥላል። በእሳቸው ግድግዳ ዮናስ ጥግ ላይ፣ ከቅሉ ሥር፣ ጀርባውን ሰጥቶ ተቀምጧል። «ነቢዩ መንገደኛ ነው፤ የሰማነው እኛ ነን» ይሉ ነበር። የጥንቷ ነነዌ ዛሬ እኛ የምንኖርበት ምድር ናትና መሃሉን የያዘው ሕዝቡ ነው። ንጉሡ ከዙፋኑ ወርዶ አመድ ላይ ተቀምጧል፤ ቁመቱ ወንበር ላይ ከተቀመጠ ተማሪ አይበልጥም። ከብቱም፣ በጉም፣ አህያውም ማቅ ለብሰዋል፤ በዚያ ጾም እንስሳትም አልቀሩምና።

በ2012 የጥገና ቢሮ ኃላፊው ኢንጂነር ሰርመድ፣ «ኻልቶ፣ ማቅ የለበሰ አህያ እንግዳ ይቀበልልን?» ብለው ጠየቁ። ወይዘሮ ዋርዲያም፣ «አህያውስ ጾሟል፤ አንተስ ልጄ?» ሲሉ መለሱላቸው። አህያው እስከ ዛሬ አለ።

በ2014 ታጣቂዎች ከተማችንን ሲይዙ ሁላችንም ተፈናቀልን። በ2017 ስንመለስ ከተማችንን ይዘው የነበሩት ሰዎች በግድግዳው ላይ ያለውን ፊት ሁሉ በብረት ፍቀውት አገኘን። ወይዘሮ ዋርዲያ ሁለት ዓመት ፈጅተው መልሰው ሣሉት፤ የድሮዎቹን መልክ ረስቻለሁ ብለው እኛን በየተራ እያስቀመጡ። ወጥ ሠሪዋ፣ ዘበኛው፣ መጸዳጃ ቤት የሚያጥበው፣ ዛሬ በዚያ ግድግዳ ላይ የነነዌ ሰዎች እኛ ነን።

ባለፈው ሐሙስ ከዚያው ከጥገና ቢሮ ደብዳቤ ደረሰን፦ አዳራሹ ዘመናዊ ገጽታ እንዲኖረው ግድግዳው ሰኞ በነጭ ቀለም ይሸፈን የሚል። ደብዳቤው ገደላቸው አንልም፤ ልባቸው ከታመመ ቆይቷል። ግን አንብበውታል። አንብበውም፣ «እና ማን ሊቀባው ነው?» ብለው ሳቁ።

ለጥያቄያቸው መልስ እንሰጣለን። ማንም። የተፋቀ ፊት አንድ ጊዜ መልሰናል፤ አሁን የገዛ ፊታችንን በገዛ እጃችን አናጠፋም። ለዚህ የሚባረር ሰው ከተፈለገ ስም ማጣራት አያስፈልግም፤ የአሥራ ሦስታችንም ስም ከዚህ ወረቀት ጀርባ ሰፍሯል።

ለልጃቸው ለፋዲያ፣ ለወንድማቸው ለአቶ መቲ፣ ከጎናቸው ብሩሽ ይዘው ለቆሙ ሁሉ እግዚአብሔር ብርታቱን ይስጥ። የሐዘኑ ድንኳን እስኪነሣ አንድም ቀን ብቻችሁን አትቀመጡም።

መግለጫው ከመለጠፉ በፊት የሚከተለው እንዲጨመርበት ተወስኗል።

ሰኞ፣ የነነዌ ጾም መጀመሪያ ቀን፣ ዝናቡ አባርቶ ነበር። የማኅበሩ ጸሐፊና ቀለም ቀቢ ባሲማ ተውማ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ አራት ቆርቆሮ ነጭ ቀለም ከመጋዘን ፈርማ ወሰደች። ከማሞቂያው ጭስ ማውጫ ጥላሸት ጠርጋ ከነጩ ጋር በጠበጠችው። የማቅ መልክ ያለው ግራጫ ወጣ። በእርጥበት የተላጠውን ማቅ ሁሉ፣ ከንጉሡ አንሥቶ እስከ መጨረሻው ጠቦት፣ ደግማ ቀባችው። ስድስት ሰዓት ላይ አራቱን ባዶ ቆርቆሮ ለመጋዘኑ መለሰች። በመመለሻው ቅጽ ላይ፣ ቀለሙ ለምን ሥራ ዋለ በሚለው ረድፍ፣ «በደብዳቤው መሠረት፣ ለግድግዳው» ብላ ጻፈች።